የቾኩ ሽቦ

አጭርና ድንቡሽ ያለ በመሆኑ ሰፈሩ ብሎን የሚለው መካኒክ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ በወጉ ሳይቆልፍ በሩ በጡጫ ተደበደበ። ገና መንጋቱ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሲከፍት ጎረቤቱ ቆሟል። በቅርቡ ከሚስቱ ጋር አጠገቡ ያለውን ቤት የተከራየው ግዙፉ ሰውዬ ነው።

«ቶሎ!» አለ ሰውየው፣ ክንዱን ጨምድዶ እየጎተተ። «መኪና... ቶሎ!»

ምላሱ ይንተባተባል፣ እግሩ ይወላገዳል። ብሎን ሲጠጣ ያደረ መሰለው። ከሰካራም ጋር አፍ መካፈት ደግሞ ትርፉ ጡጫ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ የመሣሪያ ሳጥኑን አንስቶ ተከተለው። ሌሊት በግድግዳው በኩል ጩኸት ሰምቶ ነበር፤ የወንድ ይሁን የሴት ግን አልለየውም።

አሮጌዋ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማለች። ሚስትየዋ ከቤቱ ጥግ ባለው ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ታጥባለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ብሎንን ስታይ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበችና ያንኑ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ሰውየው ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ሰውየው መሪውን በጡጫ ደበደበው። በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆታል። ንዴቱ ነው አለ ብሎን በሆዱ፣ ኮፈኑን እየከፈተ።

ባትሪው ደህና ነው። ካንዴላዎቹ እሳት ይሰጣሉ። ቤንዚኑም ይደርሳል። ታዲያ ምን ጎደላት? የአየር ማጣሪያውን አንስቶ ካርቡሬተሩን ሲያይ የቾኩ፣ ማለትም የአየር መዝጊያው፣ ሽቦ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ቾኳ ያልተዘጋ አሮጌ መኪና በብርድ አትነሳም፤ አየሩ ይበዛባታል። ሽቦው ግን በራሱ የወለቀ አይመስልም። ሰው ፈትቶታል።

ቀና ሲል ሴትየዋ አጠገቡ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ?» አላት በሹክሹክታ።

አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። «እባክህ ወንድምዬ፣ እንዳታስነሳት። ይዞኝ ሊሄድ ነው። ከሄድኩ አልመለስም።»

ብሎን ፈራ። ሰውየው በአንድ እጁ ሁለቱንም ሊያነሳቸው ይችላል። በባልና በሚስት መሀል የገባ ሰው መጨረሻው እንደማያምርም ያውቃል። ግን እህቱ ትዝ አለችው፤ አገጯ አብጦ፣ ባዶ እግሯን ወደ ቤቱ የሮጠችበት ቀን። ይቺም ሴት አንጀቱን በላችው።

የካርቡሬተሩን አፍ በመዳፉ ቢከድን መኪናዋ ወዲያው ትነሳለች። ይህን ማንም መካኒክ ያውቃል። ብሎን እጁን ኪሱ ከተተ።

ሰውየው የመኪናዋን በር ተደግፎ ወጣ። «ምን... ሆነች?»

«ካርቡሬተሩ መውረድ አለበት፣ ጋሼ። ጋራዥ ወስጄ ካላጠብኩት ዛሬ አትነሳም።» ውሸት አይሆንለትም ነበር።

ሰውየው ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው። ብሎን አለቀልኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የጠበቀው ጡጫ ግን አልመጣም። የያዘው እጅ ቀስ እያለ ላላ። ዓይኑን ሲገልጥ ሰውየው ጎማው ሥር ተንበርክኮ ሆዱን አቅፏል፤ አረፋ ይደፍቃል።

«ሆስ... ሆስፒታል» አለ።

ብሎን ዘሎ የካርቡሬተሩን አፍ በመዳፉ ከደነና፣ «አዙሪው! እመቤቴ፣ ቁልፉን አዙሪው!» ብሎ ጮኸ።

ሴትየዋ ሳትቸኩል በመስኮቱ እጇን ሰደደችና ቁልፉን ነቀለች። አሁን እጇ አይንቀጠቀጥም።

«አትድከም ወንድምዬ» አለችው፤ «የሰጠሁት ነገር እንኳን ሆስፒታል፣ እስከ ግቢው በርም አያደርሰውም።»