ሰባተኛው በር

ቢሆነኝ ጨዋታው ከሰጠው ሦስት ነፍስ ሁለተኛዋን ሰባተኛው በር ሥር ገደል ከተታትና ከንፈሩን ነክሶ ጆይስቲኩን ጨበጠ። ቢሳደብ ደስ ባለው። ግን መምህር ነው፤ ቡሬ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት።

አንዲት ነፍስ ቀረችው። እሷም ካለቀች ጨዋታው ወደ መጀመሪያው በር ይመልሰዋል፤ ዛሬ ደግሞ እንደገና መጀመር ብሎ ነገር የለም። የጌም ቤቱ ባለቤት እንቁ ማሽኑን ሸጣዋለች። ገዢው ከፍኖተ ሰላም መጥቶ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ ጥግ ይዞ ይጠብቃል። "ይቺን ብቻ ይጨርስ" ብላ የለመነችለት እንቁ ናት።

የጨዋታውን አንደኛ ክፍል ቡሬ ውስጥ ያልጨረሰ የለም። ሁለተኛውን የሠራው ሰው ግን ከሰው ልጅ ጋር ጠብ ያለው መሆን አለበት። ጀግናው አርጅቷል፣ ሰይፉ አጥሯል፤ በአንደኛው ክፍል መንገድ ያሳዩ የነበሩት መንደርተኞች በሁለተኛው ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይዋሻሉ። ቢሆነኝ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ወደዚህ ሲመላለስ ከርሞ ሰባተኛው በር የደረሰው ዛሬ ገና ነው።

ጨዋታ ነው ብሎ መተው ይችል ነበር። ነገር ግን መተው ሥራው ሆኗል። ቅኔ ቤት ገብቶ በሁለተኛ ዓመቱ ወጣ። ማስተርሱን ጀምሮ ተወ። ማንኩሳ ከተማ ላይ የጀመረው ቤት መሠረቱ ላይ ሣር በቅሎበታል። አባቱ መሪጌታ ቴዎፍሎስ "ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አልወለድኩም" ያሉት በሰው ፊት ነው፤ ያቺ ቃል እስከ ዛሬ አልወረደችለትም። አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ከዳር ማድረስ ይፈልጋል።

የበሩ ጠባቂ መዶሻውን ይዞ ወረደ። ቢሆነኝ ዝቅ ብሎ አሳለፈው፣ ወጋ፣ ሸሸ፣ ደግሞ ወጋ። የጠባቂውን ዕድሜ የምታሳየው ቀይ መስመር እያጠረች ሄዳ ጥፍር ታህል ቀረች። አንድ ምት ብቻ። እንቁ ትንፋሿን ያዘች፤ ገዢው እንኳ አንገቱን አስግጎ ማየት ጀመረ።

ደጃፉ ላይ መቋሚያ ኳ አለ። ነጭ ጥምጣም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ። አባቱ ናቸው።

"ኖር!" አለ ቢሆነኝ ብድግ ብሎ።

ጨዋታውን ለጊዜው የሚያቆም ቁልፍ ነበረው። ጣቱ ግን በጉልበቱ ተቀደመ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሲገባ የተነሣ ጉልበት ማንንም አያማክርም። ጆይስቲኩ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ጠባቂው መዶሻውን አሳረፈ፣ የመጨረሻዋ ነፍስ አለቀች፣ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ።

"በእግዜር፤ ኧረ ተቀመጥ" አሉ መሪጌታ እያለከለኩ። የመጡት ለገበያ ነበር። ልጅዎ ዛሬ ቡሬ ላይ ማንም ያልጨረሰውን ሊጨርስ ነው ብሎ ሰው መንገድ ላይ ነገራቸው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቁትም ሲጨርስ ልየው ብለው ጭቃውን እያቋረጡ መጡ። ይህን ሲያወጉ ፊታቸው ላይ ቢሆነኝ ከልጅነቱ ወዲህ ያላየው ደስታ ነበር።

"ታዲያ ጨረስከው?"

"እርስዎ ሲገቡ እኮ ነው..." ብላ ጀመረች እንቁ።

"ቸኩዬ ነው፣ አባባ" አለ ቢሆነኝ ከአፏ ነጥቆ። "ትንሽ ቀረኝ።"

በጨዋታው ተናደደ፣ በገዛ ጉልበቱ ተናደደ። በአባቱ መናደድ አቃተው፤ ይሄኛው ከሁሉም ባሰበት።

መሪጌታ ያቺን ቃል አልደገሟትም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ገዢው ተነሥቶ ገመዶቹን መንቀልና ማሽኑን ጆንያው ውስጥ መክተት ጀመረ፤ እሳቸው ግን ወደዚያ አላዩም። ጎንበስ ብለው ጆይስቲኩን ከወለሉ አነሡ። ላብ አርሶታል። በነጠላቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ጠራረጉትና በሁለት እጃቸው ለልጃቸው ዘረጉለት።

"እንካ፣ ትንሽ ከቀረህ ጨርሰው። እጠብቅሃለሁ።"

ከእጃቸው ሥር የተነቀለው የጆይስቲኩ ገመድ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።