ካዘንክላቸው ቤትህ ውሰዳቸው

«ካዘንክላቸው ቤትህ ውሰዳቸው!» ድሮ በቴሌቪዥን ክርክር ባሌ ላይ የሚወረወር ስድብ ነበር፤ ዘንድሮ አዋጅ ሆነ። ባሌ ዶክተር ምሕረተአብ የወንጀል ጥናት ምሁር ነው። «እስር ማብዛት ወንጀል አይቀንስም» ብሎ የተከራከረ ምሁር፣ «እውቀትዎን እናከብራለን» ተብሎ አንድ እስረኛ ቤቱ ይላክለታል። አቋሙን ካስተካከለ ደግሞ እስረኛው ይነሣለታል። የባሌ ባልደረቦች በአንድ ጀንበር አስተካከሉ። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚያድገው!

ለእኛ የደረሰን ሸዋቀና፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰርቆ አሥር ዓመት የተፈረደበት ነው። ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል። መጀመሪያ ሰሞን የአንገት ሐብሌን መሐረብ ውስጥ ቋጥሬ ትራሴ ሥር እደብቅ ነበር። ኋላ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነልኝ፤ ወጥ ስሠራም ሽንኩርት ይከትፍልኝ ጀመር።

የጎረቤቱ ሹክሹክታ ግን አንገሸገሸኝ። «አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ እንደ ሰዉ ‹ሕጉ ይጥበቅ› በል!» አልኩት ባሌን፣ ለቴሌቪዥን ክርክር ሲወጣ።

እንዳልኩት አለ። ሸዋቀናና እኔ ቴሌቪዥኑን አብረን እያየን ነበር። ክርክሩ ሳያልቅ በራችን ተንኳኳ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቤትዎ ከወንጀለኛ ጸድቷል» አለኝ ፖሊሱ።

ሸዋቀና ጫማውን አጠለቀ። «እትዬ፣ ሽንኩርቱን ከትፌዋለሁ» ብሎኝ ወጣ።

ባሌ ተጨብጭቦለት ፊቱ እንዳበራ ተመለሰ። ገና ኮቱን ሳያወልቅ «በሩን ቆልፈሻል?» አለኝ።

ሌባ ሳሎናችን ሲተኛ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።