የሽንት ቤት ሽቶ

ልጅቷ ንግግር ልታደርግ ወደ መድረክ ስትወጣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዶን ኢራስሞ ክንዷን ይዘው አስቆሟት። "እስቲ ዙሪ" አሉና የሽንት ቤቱን ሽቶ ከነጣሳው አንስተው አንገቷና ጀርባዋ ላይ ነፉባት። "አትቀየሚኝ ልጄ፤ እናንተ የባሕሩ ዳርቻ ሰፈር ልጆች ትሸታላችሁ። ዛሬ ደግሞ እንግዳ አለብን።"

"በረሮ መሰለቻቸው እንዴ?" አለ ከፊት ወንበር አንዱ፤ የትልቁ ትምህርት ቤት አዳራሽ በሳቅ ተሞላ። ሽቶው በአንገቷ ተንጠባጥቦ ሸሚዟ ውስጥ ገባ። "ውቡ ባሕራችን" ብሎ የሚጀምረውን በቃሏ ያጠናችውን ንግግር ተወችው።

ማይክሮፎኑን ያዘች። "የምናገረው ስለ ባሕራችን ነው። ከመጀመሬ በፊት መስኮቶቹን ክፈቱልኝ።"

ዶን ኢራስሞ ራሳቸውን ነቀነቁባት። ከዋና ከተማ የመጡት የክብር እንግዳዋ ግን ፈገግ ብለው፣ "ይከፈትላት እንጂ! ነፋሱም ይግባልን" አሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ተዘግተው የቆዩት መስኮቶች ተከፈቱ። ባሕሩ ተፍቶት ዳርቻው ላይ የበሰበሰው አረም እንደ ገማ እንቁላል እየሸተተ ገባ። እንግዳዋ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ፤ ሲስቁ የነበሩት በሸሚዛቸው ተሸፈኑ። ዶን ኢራስሞ ጣሳቸውን ብድግ አደረጉ፤ ማን ላይ እንደሚነፉት ግን ጠፋቸው።