ሐዘን የማያወጣው ጋዜጣ

አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣ እንደያዘው ሰው መለዋወጥ ከጀመረ ቆይቷል። የልብ ሕመምተኛ እጅ ሲገባ ክፉ ክፉው ወሬ ከገጹ ይጠፋል። መርዶም በጋዜጣ ስለሆነ፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያረዳ ሰው ቀርቷል።

የልብ ሕመምተኛዋ ወይዘሮ አልጋነሽ አንድ ጠዋት ስለ አበባ ኤግዚቢሽን ሲያነቡ፣ ጎረቤታቸው ስንዱ ጥቁር ለብሳ ገባች።

«እትዬ፣ ትናንት ቀብር ላይ ሳጣዎት ጊዜ አመመዎት ብዬ ሰጋሁ።»

«የማን ቀብር?»

ስንዱ ክው አለች። የራሷን ጋዜጣ ዘረጋችላቸው። ዱሮ አራት ኪሎ ጋዜጣ ያከራይ የነበረው የታላቅ ወንድማቸው የምንተስኖት ፎቶግራፍ ወጥቷል። ወይዘሮ አልጋነሽ ጋዜጣውን ሲቀበሏት ግን ፎቶግራፉ ጠፍቶ የአበባ ሥዕል ተተካበት።

«ምንተስኖት አንዷን ጋዜጣ ለስንቱ ያስነብብ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሁሉም የሚያነበው ያንኑ ነበር።»

ጋዜጣውን መለሱላት።

«አንቺው ያዢና አንብቢልኝ።»

«ልብዎስ፣ እትዬ?»

«አንብቢ።»

ስንዱ መርዶውን አነበበች። ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ተቀመጡ። ሰፈሩ ትናንት አልቅሶ ስለጨረሰ፣ ዋይታቸውን ሰምቶ የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም።