ጅራቷ የሚቀድም መኪና

በአልፕስ ተራሮች ግርጌ በሚገኝ ፋብሪካ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ አዲስ የስፖርት መኪና ትሞከር ነበር። ሞካሪው ሹፌር ከመንገድ ተመልሶ በሠራተኞቹ ፊት ለመሐንዲሱ፣ «ጌታዬ፣ ኩርባው ላይ ጅራቷ ሊቀድም ይሻል፤ አፍንጫዋ እጅግ ቀሏል። እንዲህ ሆና ከተሸጠች ሰው ትፈጃለች» አለው።

መኪናዋን የነደፈው መሐንዲስ ሣቀበት። «ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል! የታመመው ያንተ እጅ ነው። ነገ እኔው ራሴ እነዳታለሁ፤ እርሷ ከመንገዱ ካልወጣች ግን አንተ ከግቢዬ ትወጣለህ።»

በማግስቱ መሐንዲሱ ያንኑ ኩርባ በሙሉ ፍጥነት ደጋግሞ ዞረው። መኪናዋ እንደ ተገራች በቅሎ ታዘዘችው። ወርዶም ጓንቱን በሹፌሩ ደረት ላይ ወረወረ። «አየህ አይደል? ሂድ፣ ጋሪ ንዳ! ዛሬ ለሚመጡት ገዢዎችም እኔው አሳያቸዋለሁ።» ሠራተኞቹ አጨበጨቡ።

ሹፌሩ ወደ መኪናዋ ሄደ። የፊት ክዳኗን ከፈተ፤ በሽቦ የታሰሩ ሁለት ከባድ ብረቶች ፈትቶ አወጣና በመሐንዲሱ እግር ሥር አኖራቸው።

«አፍንጫዋን እንዲጫኑላት ዛሬ ንጋት ላይ ያሰርኋቸው እኔ ነኝ» አለ። «የልጆች አባት ነዎት ብዬ ነው። አሁን እርስዎ እንደ ነደፏት ሆናለች፤ ይንዷት።»

በዚህ መካከል ገዢዎቹ ገቡ። «ማን ነው የሚነዳልን?» ሲሉ ጠየቁ።

መሐንዲሱ ቁልፉን ወደ ሹፌሩ ዘረጋ።

ሹፌሩ እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ።