የአባት እግር

ይትባረክ ነዳጅ ሲረግጥ የሞተሩ መብራት ቦግ ይላል፤ ከአባቱ የወረሰው መኪናም ይደክማል። ካንዴላው ተለወጠ፣ ፊልትሮው ተጠረገ፤ መብራቱ ግን አልተወውም።

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አለች የአክስቱ ልጅ ወሰኔ፣ መካኒኳ።

«ሐረጎ ዳገት ላይ ብቻ። የአምባዬን መኪና ከፊቴ ሳየው።»

አምባዬ የይትባረክን አባት ገጭቶ ገድሎ በነጻ የተለቀቀ ሰው ነው። ይትባረክ ከቡዳፔስት ትምህርቱን ጥሎ የመጣው ለቀብር ነበር፤ የቆየው ግን ያንን ሰው ገደል ሊከተው ነው።

ወሰኔ ከት ብላ ሳቀች። «እንግዲያው ሞተሩ ጤነኛ ነው። እምቢ ያሉህ ጋሼ ናቸው!»

በዚያ ዘመን መኪና የሞተ ባለቤቱን አነዳድ ይዞ ይቀራል። ይትባረክ ነገሩን እስከዚያች ቀን ድረስ የአገር ቤት ወሬ ነው ብሎ ነበር። ለነገሩ አመሻሽ ላይ መኪናው የአጥሩ በር ሲደርስ፣ ማንም ሳይነካው እንደ አባቱ ሁለቴ ጡ፣ ጡ ይላል፤ እናቱም «መጣሁ፣ የኔ ጌታ!» እያለች ትከፍታለች።

«አነዳዱን ከመኪናው አጥፊልኝ።»

«አንተ ሰው፣ ጡሩምባውን የሚጠብቁት እትዬስ?»

«አጥፊው አልኩሽ!»

አጠፋችው። ዳገቱ ላይ የአምባዬን መኪና ከሩቅ አይቶ ነዳጁን ሲረግጠው መኪናው ተወነጨፈ፤ መብራቱም አልበራም። «ነገ አገኝሃለሁ» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ቤቱ ሲደርስ መኪናው ዝም አለ። ይትባረክ ጡሩምባውን ራሱ ነካው፤ ሁለቴ፣ ልክ እንደ አባቱ አድርጎ።

በሩ አልተከፈተም። ቆይቶ የእናቱ ድምፅ ከውስጥ መጣ፦

«ማን ነው?»