የመስኮቱ ወገን

“ፊቷን እኮ ሻማ አስመሰልከው!” አለ ፎቶ አንሺው፣ የእህቱ ባል አንስቶ በኮምፒዩተር ያሳመረውን የእህቱን ምስል ጠጋ ብሎ እያየ። አማቹ ካሜራ ከገዛ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ “ጋሼ፣ ማባበሉን ተወውና እውነቱን ንገረኝ” ብሎ ነበር የመጣው። ፎቶ አንሺው ደግሞ በሥራው ይሉኝታ አያውቅም። “መስኮቱን በግራዋ ማድረግህ ጎበዝ ያስብልሃል። ቆዳ ግን ቆዳ ይምሰል እንጂ! የቱ ጋ እንዳበዛኸው ላሳይህ” አለና ማሳመሪያውን አንድ በአንድ የሚያነሳውን የመመለሻ ቁልፍ ይጫን ጀመር።

አንዴ ሲጫን የግንባሯ መስመሮች ተመለሱ። ሁለተኛው ላይ የአገጯ ጠባሳ ብቅ አለ፤ ልጅ ሆና ከዛፍ ወድቃ፣ እሱ አዝሏት የሮጠ ዕለት የተረፋት ነው። ፈገግ አለ። “አየህ? እህቴ አሁን መጣች።”

“ይበቃል ጋሼ፣ ገብቶኛል” አለ አማቹ፣ እጁን ወደ ቁልፉ እየሰደደ። የፎቶ አንሺው ጣት ግን ቀድሞት ነበር። ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ ጉንጯ ድረስ በልዞ ታየ።

“ጥላ ነው” አለ አማቹ ቶሎ ብሎ።

ፎቶ አንሺው ጣቱን ከቁልፉ አንስቶ በምስሉ ላይ ወደ ግራ ጉንጯ ጠቆመ።

“ብርሃኑ እኮ” አለ፣ ቅድም ሲያስተምርበት በነበረው ድምፅ፣ “የመጣው በዚያው በኩል ነው።”